ድንጋይ የእጅ ፍሬን አይሆንም

ለተከበራችሁ የማኅበራችን አባላትና የሠፈራችን ነዋሪዎች፤

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ የሆነውን ያላየ ሰምቷል። ዳገቱ ላይ የቆመች አንዲት አሮጌ ኮሮላ ሰው ሳይኖርባት ቁልቁል ተንደረደረች። የውሃ ቦኖውን አልፋ፣ የቡና መሸጫውን በርጩማ ሁሉ ጨፍልቃ፣ የማኅበራችን የድንኳን ማስቀመጫ ግንብ ላይ ተላትማ ቆመች። ጀበና ቡና የምትሸጠው እህታችን ውሃ ልትቀዳ ብድግ ያለችው በዚያችው ቅጽበት ነበር። ሰው አልተጎዳም፤ ፈጣሪ ይመስገን። ነገር ግን ተርፈናል ብለን ዝም ካልን ፈጣሪን መፈታተን ይሆንብናል።

መኪናዋ ለምን ሄደች? የእጅ ፍሬኗ ከሞተ ቆይቷል። ባለ መኪናው ወንድማችን እንደ ልማዱ ማርሽ አስገብቶ፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ አድርጎ ወደ ቤቱ ገባ። ልጆቹ ደግሞ ኳስ ሊጫወቱ ለጎል የሚሆን ድንጋይ ፈለጉ፤ ያንኑ አነሱት። ማርሹ ጥቂት ይዟት ቆየና ለቀቃት። ነገሩ ይኸው ነው።

ማክሰኞ ማታ በተደረገው ስብሰባ ላይ ግን ምን ሰማን? «ልጆቹ ናቸው ጥፋተኞቹ!» ተባለ። ከእንግዲህ ሕፃናት በሠፈሩ መንገድ ላይ ኳስ እንዳይጫወቱ ይከልከል የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ ብዙ እጅም ወጣ። ውሳኔው ለሚመጣው ስብሰባ አደረ። እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ሥራዬ የተባለውን በቃለ ጉባኤ ማስፈር ነው፤ አስፍሬዋለሁም። ሐሳቡን ግን አልቀበለውም። ለምን እንደማልቀበለው በዚህ ሰሌዳ ላይ በግልጽ እናገራለሁ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ድንጋይ አየ፤ ድንጋይ አነሳ። ድንጋይ ከመንገድ ላይ የሚነሳ ነገር ነው። መኪናን አንድ ቦታ አስሮ እንዲያቆም የተሠራው የእጅ ፍሬን ነው። አንድ ቶን ብረት ዳገት ላይ አቁሞ በአንድ ጥርብ ድንጋይ አደራ የሄደው ትልቁ ሰው እያለ፣ ትንሹን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉት ነገር ይኸ ነው።

«ቦሎ አለኝ እኮ!» ብሏል ባለ መኪናው። ይህን አባባል ከብዙዎቻችን አፍ እሰማዋለሁ። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ በየዓመቱ ይመረመራል። መልካም ነው። ምርመራው ግን የሚናገረው ስለዚያች ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት መቶ ስልሳ አራት ቀኖች ማን ይመርምር? ደግሞ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ለምርመራ ቀን ደህና ጎማ ተውሶ ገብቶ ማታውኑ የሚመልስ ሰው ጠፍቶ ነው? ቦሎ መስተዋት ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ነው። መኪና አያቆምም።

«የጃፓን መኪና ምንም አትሆንም» የሚሉም አሉ። ጃፓኖች መኪናዋን የሠሩት ሰርቪስ እየተደረገላት እንድትሄድ ነው። ደግሞም የት እንደምንኖር እንወቅ። የከተማችን መሐል ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ነው፤ የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። በዚህ ምክንያት ተራ ውሃ በ100 ዲግሪ መፍላቱ ቀርቶ በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል። ስለዚህ የራዲያተር ክዳኑ ጎማ ካለቀ መኪናችን ቶሎ ታፈላለች። ፔዳል ስንረግጥ እግራችንን የሚያግዘው የፍሬን ሰርቮም የሚሠራው በዚሁ በአየር ግፊት ነውና ጉልበቱ ከቆላ ያንሳል። ቆላ ላይ ይቅር የሚባል ጉድለት እኛ ዘንድ ይቅር አይባልም ማለት ነው።

ስለ ፍሬን ዘይት ልናገር። ይህ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 140 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ፍሬን እየረገጡ ሲወርዱ ሸራውም ዲስኩም ይግላል፤ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይተላለፋል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ ፔዳሉም እንደ ስፖንጅ ገባ ይላል። ያን ጊዜ «ፍሬን በጠሰ» እንላለን። አልበጠሰም! ሳንቀይረው የኖርነው ዘይት ነው የከዳን። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ መቀየር ነበረበት። ከመካከላችን ስንቱ ቀይሮ ያውቃል?

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ነዳጅ ልቆጥብ ብዬ ከእንጦጦ ወደ ፈረንሳይ በፎሌ እየወረድኩ ኖሬአለሁ። አንዳንዴም ሞተር አጥፍቼ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ መካኒክ «ልጄ፣ ሞተር ካጠፋህ ሰርቮው ሁለት ሦስት ርግጫ ቢሰጥህ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆንብሃል፤ መሪውም ይከብድሃል» አለኝ። ቁጠባ የተባለውም ውሸት ነው። ካርቡራቶር የሌላት፣ በኢንጀክሽን የምትሠራ መኪና ማርሽ ውስጥ ሆና ቁልቁል ስትወርድ ነዳጁን ራሷ ትዘጋለች። በፎሌ ስትወርድ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ትጠጣለች። ስለዚህ በወጣንበት ማርሽ እንውረድ፤ ሞተሩ ይያዝልን፤ ፍሬኑ ለችግር ቀን ይቀመጥ።

«መለዋወጫ ተወዷል፤ ከየት አምጥተን?» ለሚሉኝ መልስ አለኝ። ተወዷል፤ አልክድም። ግን ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ተከልክሏል። እንግዲህ በእጃችን ያለችውን አሮጌ መኪና በደንብ ካልያዝናት ምትኳ ቀላል አይደለም። የእጅ ፍሬን ገመድ ማስጠበቅ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የግንብ ማሠሪያ፣ የበርጩማ፣ የራዲያተርና የፋናል ሒሳብ ግን ባለ መኪናው ወንድማችን አሁን እየደመረው ነው። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ ሆኖብናል፤ እሱም ቢሆን ገንዘብ ይከፍል እንደሆነ ነው እንጂ የሞተ ሰው አይመልስም።

በዚህ መንገድ ማን እንደሚሄድ ደግሞ አስቡ። ጎሕ ሳይቀድ ሯጮቻችን ወደ እንጦጦ ይወጣሉ። ከሰዓት በኋላ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው የተሸከሙ እናቶች ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ፤ ከኋላቸው የሚመጣውን አያዩም። ጥር 12 ቀን የሚካኤል ታቦት ሲገባ መንገዱ ሁሉ ሰው ነው። እነዚህንም ከመንገድ እንከልክላቸው?

ስለዚህ ለሚመጣው ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ልጆችን የሚከለክለው ሐሳብ ውድቅ ይደረግ። በሱ ፈንታ የእጅ ፍሬኑ የማይዝ መኪና በዳገቱ ላይ እንዳይቆም ይወሰን። ከታች ሜዳው ላይ ይቁም፤ ባለቤቱ በእግሩ ይውጣ። ለጤናም ይበጃል።

ሁለተኛ፤ ባለ መኪና ሁሉ በወር አንድ እሑድ መኪናውን ይፈትሽ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የሞተር ዘይት፣ የራዲያተር ውሃና የፍሬን ዘይት ልክ ይታይ። የፍሬን ዘይቱ ከጎደለ ዝም ብሎ መሙላት አይበቃም፤ ወይ ሸራው አልቋል ወይ ያፈሳል። የጎማ ነፋስ በሹፌሩ በር ላይ በተጻፈው ልክ ይሁን፤ ስኮርታውም አይረሳ። የጎማ ጥርስ ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች ከወረደ በክረምት ኮብልስቶን ላይ ሳሙና ነው። የእጅ ፍሬኑ ሲሳብ ስንት ጊዜ ቀጭ እንደሚል ይቆጠር፤ ከስምንት ዘጠኝ ካለፈ ወደ ጋራዥ ይኬድ።

ሦስተኛ፤ መኪና ስናቆም የእጅ ፍሬን ይሳብ፣ ማርሽ ይግባ፣ የፊት ጎማ ወደ መንገዱ ጠርዝ ይጠምዘዝ። ታኮ ማድረግ ነውር አይደለም፤ በፍሬን ላይ ሲጨመር ጥሩ ነው። ነውሩ በፍሬን ምትክ ሲሆን ነው። ያደረግነውንም ድንጋይ መንገድ መሐል ጥለን አንሂድ። ማታ የሚደናቀፍበት የጎረቤት ሰው ነው።

እኔ ብዙ አልተማርኩም። ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ይህን ለማወቅ ግን ብዙ መማር አያስፈልግም፤ የሚቆም መኪና የሌለው ሰው መንዳት የለበትም። ያቺ ኮሮላ እሑድ ዕለት ያዘነችልን ይመስል ግንቡን መረጠች። በሌላ ቀን ምን እንደምትመርጥ አናውቅም።

ልጆቹ ኳሳቸውን ይጫወቱ። ፍሬናችንን እኛ እናሠራ።

ከአክብሮት ጋር፤
የማኅበሩ ጸሐፊ