ጀሪካን ውስጥ የሚደረግ ወሬ

የሶርን ወንዝ በእግሩ የተሻገረ ሰው ድንጋዩ እንዴት እንደሚያዳልጥ ያውቃል። ያ የሚያዳልጠው ነገር ሕይወት አለው። ባክቴሪያዎችና አልጌዎች ራሳቸው በሚሠሩት ሙጫ ተጣብቀው የሚኖሩበት ንጣፍ ነው፤ ሳይንቲስቶች ባዮፊልም ይሉታል። በልጆቻችን ጥርስ ላይ የሚጋገረው ቆሻሻም የዚሁ ዘመድ ነው።

መቱ የምትኖረው እናቴ በቀደም በስልክ፣ "ጀሪካኑን ሁልጊዜ አለቀልቃለሁ፤ ግን ጣቴን ስከት ውስጡ ያሟልጫል። ለልጆቹ ይሆናል ወይ?" አለችኝ። ክረምት ላይ የልጅ ልጆቿ እሷ ጋ ስለሚከርሙ ጥያቄዋን እንደ ዋዛ አላለፍኩትም።

ባክቴሪያዎች ይነጋገራሉ። አንደበት ባይኖራቸውም እያንዳንዳቸው ጥቃቅን ኬሚካሎች ይለቃሉ። ጥቂት ሲሆኑ ኬሚካሉ ተበትኖ ይቀራል። ሲበዙ ግን ይጠራቀምና "በዝተናል" የሚል መልእክት ይሆናል። ያኔ እንደ ደቦ በአንድነት ይሠራሉ፤ አንዳንዶቹ ሙጫውን ያበዛሉ፣ አንዳንዶቹ መርዝ ያመነጫሉ።

ይህ ወሬ ግን ቦታ ይመርጣል። በአሜሪካ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዋ ፕሮፌሰር ቦኒ ባስለርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት የኮሌራን ባክቴሪያ ጨምሮ ሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎችን መርምረዋል። ውሃ በላያቸው ሲፈስ መልእክቱን እያጠበ ይወስደዋል። ፈሳሹ በማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ ያሉት ግን ወሬያቸውን ይቀጥላሉ።

የጀሪካን ስንጥቅ የት ነው? ክፍት የሆነው የእጀታው ውስጥ፣ ማዕዘኑ፣ የክዳኑ ጥርስና የተቧጨረው ፕላስቲክ ነው። ማለቅለቅ መሃሉን ብቻ ያጥባል። አሸዋ ጨምሮ መናጥ ቆሻሻውን ቢያነሳም ፕላስቲኩን እየቧጨረ አዲስ መደበቂያ ያበጃል። የውሃ ማከሚያ ክሎሪንም ሙጫውን ዘልቆ ለመግባት ይቸገራል።

ስለዚህ መጀመሪያ በሳሙናና ረጅም እጀታ ባለው ብሩሽ ፈትጉ፤ ማከሚያው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ክዳኑንም አትርሱ። ውስጡ የተቧጨረውን አሮጌ ጀሪካን ለልብስ ማጠቢያ አድርጉትና ለመጠጥ እጅ የሚያስገባ፣ ክዳንና ቧንቧ ያለው ዕቃ ምረጡ።

ለጥርስም ሕጉ ያው ነው። መጉመጥመጥ ብቻውን የመንጋጋውን ጎድጓዳ አያጸዳም፤ ብሩሹ ወይም መፋቂያው እዚያ መድረስ አለበት። ትንንሽ ልጆች ብቻቸውን ስለማይችሉ ቢያንስ እስከ 7 ዓመታቸው እናንተው አግዟቸው።

እስቲ ዛሬ የጀሪካናችሁን እጀታ ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩት። ሳምንት በሰላም ያገናኘን።