የእሽጉ ዋስ ማነው?

ጎሮ የምንኖር ጎረቤታሞች ነን። ዓመታትን በኤሌክትሮኒክስ ንግድ ማሳለፌን የሚያውቅ አንድ ወጣት ሰሞኑን ስልኩን ይዞ ቤቴ መጣና «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ» አለኝ። ፎቶው በስስ ላስቲክ የታሸገ የድሮ የሱፐር ማሪዮ ጌም ነው። ሜሪላንድ የሚኖረው ታላቅ ወንድሙ፣ ለጎሮው ቤት በርና መስኮት ካጠራቀመው ገንዘብ ላይ ቀንሶ ሊገዛው አስቧል። «ሳይከፈት ከተቀመጠ በጥቂት ዓመት እጥፍ ያወጣል» ብሎታል። የልጁ ጥያቄ አንድ ነው፤ «እሽጉ የፋብሪካ ነው ወይስ ሰው ያሸገው?»

ወንድምየው ወሬውን ከሜዳ አላመጣውም። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው «ሱፐር ማሪዮ 64» እሽጉ ሳይነካ ተገኝቶ፣ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ በጨረታ 1.56 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ አንድ እሽግ «ዜልዳ» 870 ሺሕ ዶላር አውጥቶ ነበር። ዋታ የተባለ መርማሪ ድርጅት ለማሪዮው ከ10 ነጥብ 9.8 የሰጠው ሲሆን፣ ለላስቲኩ ደግሞ ለብቻው ከፍተኛውን ደረጃ ሰጥቶታል። ልብ በሉ፤ ጌሙን መጫወት የፈለገ ሰው የተከፈተውን በጥቂት አሥር ዶላሮች ያገኘዋል። ሚሊዮኑ የተከፈለው ላልተከፈተው ላስቲክ ነው።

እንዲህ ያለ ዋጋ ባለበት አስመሳይ አይጠፋም። ባለሙያዎች መጀመሪያ የሚያዩት የላስቲኩን መገጣጠሚያ ነው። በ1980ዎቹ የኔንቲዶ ጌሞች ላይ ፋብሪካው የተወው መስመር በካርቶኑ ጀርባ በአግድም ያልፋል። መስመሩ ከሌለ ወይም በሌላ በኩል ከመጣ ጥርጣሬው ይጀምራል። ቀጥሎ የላስቲኩ ውፍረትና እርጅና፣ የካርቶኑ ጠርዝ፣ የኅትመቱ ጥራትና የዕቃው ክብደት ይታያል። ሠላሳ ዓመት ያስቆጠረ ካርቶን ትናንት የተመረተ የሚመስል ላስቲክ ከለበሰ መጠየቅ ይገባል። ችግሩ፣ ላስቲክ የማልበሻ መሣሪያ ማንም ገዝቶ የሚያስቀምጠው መሆኑ ነው። የአሜሪካ ሱቆች ራሳቸው ደንበኛ የመለሰላቸውን ጌም መልሰው ያሽጉ ነበር።

ለዚህም ነው በፎቶ ብቻ «እውነተኛ ነው» ማለት ያልደፈርኩት። ግን ከፎቶው የከፋ ችግር አለ። እዚህ ሞባይል ስንገዛ «ካርቶኑ አልተከፈተም» ብንባልም ሻጩ ፊት እንከፍተዋለን፤ ኮከብ መሰላል 06 መሰላል ደውለን የሚመጣውን ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር እናመሳክራለን። እሽጉ ይቀደዳል፣ እውነቱ ይታወቃል፣ ስልኩም ዋጋውን እንደያዘ ነው። እሽግ ጌምን ግን ለማረጋገጥ ከከፈቱት ገንዘብዎን በእጅዎ ቀደዱት ማለት ነው። ስለዚህ ገዢው የሚገዛው ጌሙን ሳይሆን የመርማሪውን ቃል ነው። የምርመራውን ክፍያ የሚከፍለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዕቃውን ሊሸጥ ያስመረመረው ሰው ነው።

ቃሉም ይስታል። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ሎጋን ፖል የተባለው አሜሪካዊ ዝነኛ፣ በአንድ መርማሪ ድርጅት እውነተኛነቱ የተረጋገጠ የፖኪሞን ካርዶች እሽግ በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በማግስቱ ዓመት መጀመሪያ ካርቶኑ ሲከፈት የተገኙት የሌላ መጫወቻ ካርዶች ነበሩ። መርማሪዎቹ ያዩት ውጪውን እንጂ ውስጡን አልነበረም።

እኛ ደግሞ ከዚህ የከበደ ታሪክ አለን። በ2000 ዓ.ም. ከብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከ ወርቅ የወርቅ ቅብ ብረት ሆኖ ተገኝቶ ተመለሰ። በካዝናው ውስጥም ሌላ ተመሳሳይ ብረት ተገኘ። ወርቅ በእሳት ይፈተናል እንላለን፤ ቢቆረጥ ቢቀልጥ ዋጋው አይጠፋም። ያም ሆኖ አለፈ። ተጠርጥረው ከተያዙት መካከል የባንኩ ሰዎችና ወርቁን የመፈተሽ ኃላፊነት የነበረባቸው ባለሙያዎች ጭምር ነበሩ። ጉድለቱ የመፈተሻ ዘዴ አልነበረም፤ በማኅተሙ የሚጠየቅ ሰው መጥፋቱ ነበር።

በእኔ እምነት ከጎሮም ሆነ ከሜሪላንድ እሽግ የሚገዛ ሰው ከላስቲኩ መስመር በፊት ሦስት ጥያቄ ማንሳት አለበት። ማን መረመረው? ለምርመራው ማን ከፈለ? ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ገንዘቤን ማን፣ እስከ መቼ ይመልሳል? የሦስተኛው መልስ በጽሑፍ ካልተሰጠ የቀሩት ሁለቱ ወሬ ናቸው። ሎጋን ፖል ገንዘቡ የተመለሰለት የሸጠለት ሰው ኃላፊነቱን ስለወሰደ እንጂ የመርማሪው ማረጋገጫ ስላዳነው አይደለም።

ጎረቤቴ ይህንኑ ለወንድሙ በስልክ ነገረው። ወንድምየው ሻጩን ቢጠይቅ ያገኘው መልስ «ከተላከ በኋላ ተመላሽ የለም» የሚል ነበር። ላስቲኩን ሳልዳስስ ልፈርድ የምችልበት ማስረጃ ይህ ብቻ ነው። «እንግዲህ በርና መስኮቱን አስጨርሱበት» አልኩት።