ባሌስትራ የተጨመረበት መኪና ለምን ይወደዳል?

ሰሞኑን ከአንድ የእህል ነጋዴ ወዳጄ ጋር ያገለገለ ቶዮታ ፒክአፕ ለማየት መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ ወርደን ነበር። ደላላው ሞተሩን ሳያስነሳ፣ ሊብሬውንም ሳያሳየን በቀጥታ ወደ መኪናው ኋላ ወሰደንና ጎንበስ አለ። «ጋሼ፣ ይሄን ይዩልኝ! ኋላው ተጠናክሯል፤ ባሌስትራ ተጨምሮበታል። ሃያ ኩንታል ቢጭኑበት ንቅንቅ አይልም» አለ። ለዚሁ «ማጠናከሪያ» ተብሎም ዋጋው እዚያው ግቢ ከቆሙት እኩዮቹ ከፍ ብሏል። ወዳጄ ደስ አለው። እኔ ደስ አላለኝም።

በእኛ ገበያ «ባሌስትራ የተጨመረበት» የሚለው አነጋገር እንደ «ጎማው አዲስ ነው» እና «ቀለሙ ያልተነካ» ሁሉ የዋጋ መጨመሪያ ሆኗል። በበኩሌ የዋጋ መቀነሻ መሆን ነበረበት እላለሁ። ለመሆኑ ጤነኛ ባሌስትራ ላይ ብረት የሚጨምር ማን ነው? የሚጨመረው ወይ ባሌስትራው ደክሞ ስለተኛ ነው፤ ወይ መኪናው ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ስለኖረ ነው። ያ ብረት መኪናው ያሳለፈውን ኑሮ የሚናገር ምስክር ነው። ምስክሩን ደግሞ ሻጩ ራሱ አቅርቦልናል።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ አንድ ጥናት አሳትሞ ነበር፤ በ2001 ለኖቤል ሽልማት ያበቃውም ይኸው የጀመረው ሐሳብ ነው። ሻጭ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢ አያውቅም፤ ስለማያውቅም ለደህናውም ለብልሹውም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፤ በዚህ የተነሳ ደህና መኪና ያለው ሰው ከገበያው ይወጣል ነው ነገሩ። አከርሎፍ ግን ሻጭ ጉድለቱን ይሸሽጋል ብሎ ነው የተነሳው። ሶማሌ ተራ ቢመጣ ጉድለትን በአደባባይ እያሳዩ ጭማሪ የሚጠየቅበት ገበያ ያይ ነበር!

ወደ ብረቱ እንመለስ። ባሌስትራ ማለት ከረጅሙ ጀምሮ እያጠሩ የሚሄዱ፣ ተነባብረው የታሰሩ ጠፍጣፋ ብረቶች ናቸው። አምስት ብረት በነበረው ላይ ተመሳሳይ ስድስተኛ ቢጨመር ጥንካሬው በግምት 20 በመቶ ከፍ ይላል። ጋራዡ ወፈር ያለ ብረት ካገኘ ግን ሒሳቱ ሌላ ነው፤ የአንድ ብረት ውፍረት በእጥፍ ሲጨምር ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ባዶ መኪና ጉድጓድ ሲመታ ባሌስትራው አይታጠፍም። ምቱ ወደ አሞርዛተሩ፣ ወደ ጎማው ኩሽኔታና ወደ ሻንሲው ያልፋል። እነዚህን ደግሞ ማንም አላጠናከራቸውም። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የመጫን አቅምም አንዲት ኪሎ አልጨመረም።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን የፍሬኑ ጉዳይ ነው፤ ይህን ብዙ ገዢ አያውቀውም። በበርካታ ፒክአፖች ላይ፣ ሃይሉክስን ጨምሮ፣ በኋላው በኩል ከአክሰሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለ። ሥራው በአካሉና በአክሰሉ መካከል ያለውን ክፍተት መለካት ነው። ጭነት ሲበዛ አካሉ ዝቅ ይላል፤ ቫልቩም «ተጭኗል» ብሎ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል። ባሌስትራው ሲጠነክርና ኋላው ከፍ ሲል አካሉ እንደ ድሮው ዝቅ አይልም። ቫልቩ እንደገና ካልተስተካከለ መኪናውን ባዶ ነው ብሎ ይቆጥረዋል፤ የኋላ ፍሬኑም ይሰንፋል። ይህ የሚሆነው ሃያ ኩንታል ተጭኖ ቁልቁለት ሲወረድ ነው። አንድ ቶን እንዲጭን በተሠራ መኪና ላይ ሃያ ኩንታል ምን ማለት እንደሆነ የእህል ነጋዴ ከእኔ በላይ ያውቃል።

ባለመኪናዎች የሚሰጡት መልስ አይጠፋኝም። መንገዱ ክፉ ነው፤ ነዳጅ ተወዷል፤ በአንድ ምልልስ አምስት ኩንታል ትርፍ ካልጫንኩ ምን ላተርፍ ነው ይላሉ። እውነት አላቸው። የጭማሪው ጥቅም ግን ለጫነው ሰው ነው። ትርፉን በልቶ መኪናውን ሲሸጥ፣ ላላገኘነው ትርፍ እኛ የምንከፍልበት ምክንያት አይታየኝም።

«ማሻሻል» የሚለው ቃል ራሱ ሌላ አገር ሌላ ትርጉም አለው። ጄኔራል ሞተርስ የሚሠራው ኮርቬት የተባለው የስፖርት መኪና ከእ.ኤ.አ. 1963 ጀምሮ ከኋላው አግድም የተዘረጋ የብረት ባሌስትራ ነበረው። በ1981 አውቶማቲክ ካምቢዮ ባላቸው ላይ 20 ኪሎ የሚመዝነው የብረት ንብርብር ወጥቶ ከ4 ኪሎ በታች የሆነ አንድ ወጥ የፋይበርግላስ ባሌስትራ ገባ። ዛሬ የአሮጌ ኮርቬት ባለቤቶች ይህንኑ ዓይነት ገዝተው ይገጥማሉ፤ ግትርነቱን ለመኪናው ክብደት በሚስማማው ልክ ይመርጣሉ፤ አሞርዛተሩንም አብረው ያያሉ። አስተዋይ የሆነው ደግሞ የወጣውን ብረት አይጥለውም። ነገ ሊሸጥ ሲወጣ ገዢው «ምን ተነካ? ኦሪጅናሉስ የታለ?» ብሎ ይጠይቀዋላ። እኛ ዘንድ የተነካው ይወደዳል።

ይህ ዱሮ ተራ ነገር ነበር ሊባል ይችላል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን ያገለገለ መኪና ለብዙ ነጋዴ ገንዘብ ማስቀመጫ ሆኗል። ገንዘብ የሚያስቀምጥ ሰው ሣጥኑን መመርመር አለበት።

ምርመራው ደግሞ መካኒክ አይጠይቅም። ጎንበስ ብሎ የግራውንና የቀኙን ብረቶች መቁጠር፤ ከመካከላቸው ዝገቱ ወይም ውፍረቱ የተለየ መኖሩን ማየት፤ የሚያስራቸው ብሎን አዲስ ከሆነ መቼና ለምን እንደተቀየረ መጠየቅ ነው። ባሌስትራው ከነሙሉ አካሉ በፋብሪካው ልክ ተቀይሮ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለዚያ እኔም ጨምሬ እከፍላለሁ።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ደላላውን «የጨመራችሁትን ብረት አውጥታችሁ፣ ስንት ትሉኛላችሁ?» አለው። ደላላው ሳቀ። «ጋሼ፣ ያለ እሱማ ማን ይገዛዋል?» አለ። ተመካክረን እንመለሳለን ብለን ወጣን። በማግስቱ ስንደውል መኪናው ተሽጧል፤ በተጠየቀው ዋጋ።