የአይሻ ጓሮ ከከረን ዝናም በፊት

ከድሬዳዋ ተነሥቶ በሺኒሌና በአዲጋላ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወርደውን የባቡር ሐዲድ የተከተለ መንገደኛ፣ ከጠረፏ ከተማ ከደወሌ ከመድረሱ አስቀድሞ አይሻን ያገኛል። በዚህ ምድር ውሃ ከሀብት ሁሉ የበለጠ ሀብት መሆኑን ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ከአንዱ የውሃ ጉድጓድ ወደ ሌላው የሚጓዘው የኢሳ ሶማሌ አርብቶ አደር ከማንም ይልቅ ያውቀዋልና፣ እርሱን ስለ ውሃ ለማስተማር መነሣት ድፍረት ይሆናል። ይህ ጽሑፍ የታሰበው ስለ እርሱና ከብቱን በድርቅ አጥቶ በከተማ ዳር ስለ ሰፈረው ወገኑ ዕቅድ ለሚያወጡት፣ ዘርና ችግኝ ለሚያድሉት፣ ቧንቧና ቦኖ ለሚዘረጉት ባለ ሥልጣኖች ነው። የምናገረውም አንድ ጉዳይ ነው፤ በአይሻና በመሰሎቿ ከተሞች የጓሮ አትክልት ሊጸድቅ የሚችለው፣ ዝናሙ ከመምጣቱ በፊት በደረቁ ወራት፣ ለድርቁም ለጎርፉም በአንድነት ታስቦ የተሰናዳ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ባሕረ ሐሳብ ዓመቱን በአራት ክፍለ ዘመን ሲመድብ፣ ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ያለውን ዘመነ ክረምት ብሎ ይጠራዋል፤ የመጀመሪያዎቹንም ሳምንታት ዘርዕ ደመና ይላቸዋል፤ የደጋው ገበሬም ሞፈሩንና ቀንበሩን የሚያሰናዳው ይህንኑ ሥርዓት ተከትሎ ነው። አይሻ የምትገኝበት የሶማሌ ክልል የሲቲ ዞን ሰማይ ግን ሌላ ሥርዓት አለው። በዚያ ዲራዕ የሚባለው ዝናም ከመጋቢት ማገባደጃ እስከ ግንቦት ይጠበቃል፤ ከእርሱ በኋላ ሐጋ የተባለው የሐሩርና የነፋስ ወቅት ይገባል፤ ዋናው የክረምት ዝናም ከረን በሐምሌ ጀምሮ በመስከረም ያበቃል፤ ከዚያም ረጅሙና ደረቁ ጂላል ይከተላል፤ በብርዱም ወራት አልፎ አልፎ ሐይስ የሚሉት ካፊያ ከባሕሩ ጠረፍ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በዚያው ክልል በስተደቡብ ያሉት ዞኖች ደግሞ ጉ እና ዴይር በሚባሉት ሌሎች ሁለት ዝናሞች ይኖራሉ። እንግዲህ ለአንድ ክልል እንኳ አንድ የተከላ ቀን ሊበጅለት የማይቻል ሆኖ ሳለ፣ በደጋው ልማድ በሰኔ ማለቂያ ተጭኖ አይሻ የሚደርስ ችግኝ የሚወድቀው በሐጋ ነፋስ እጅ ነው፤ የተከለውም ሰው ሳያጠፋ ሰነፍ ይባላል።

ያም ሆኖ ወቅቱን ማወቅ ብቻውን አይበቃም፣ ወቅቱ ራሱ ቃሉን የማይጠብቅ ሆኗልና። በ2007 ዓ.ም. በኤልኒኖ ምክንያት ዲራዕም ከረንም አንሰው የሲቲ አርብቶ አደር መንጋውን በየመንገዱ ሲያፈስ፣ ከወራት በኋላ በመጋቢት 2008 ዓ.ም. በዚያው ክልል በጅጅጋ ድንገተኛ ጎርፍ ወርዶ ከ20 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ተሻግሮ በጅቡቲ ከተማ የዓመቱን ዝናም ሊተካከል የተቃረበ ውሃ በአንድ ቀን አወረደ፤ ርዝራዡም ወደ ሲቲ ዘልቆ በድርቅ የመነመኑትን ከብቶች በብርድና በጎርፍ ፈጀ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ድሬዳዋ በሌሊት የደረሰባትን ማን ይረሳዋል? ዝናሙ የዘነበው በሐረርጌ ተራሮች ላይ ሲሆን፣ ውሃው በደቻቱ ወንዝ ወርዶ በቆላው ከተማ ተኝተው የነበሩ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ወሰደ። በቆላ የሚኖር ሰው ራሱ ላይ ደመና ሳይታየው ጎርፍ ሊመጣበት እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

እነዚህን ሁለት መከራዎች የሚያገናኛቸው ምሥጢር በአፈሩ ገጽ ላይ ይታያል። ለወራት ዝናም ያላየ፣ የእንስሳትም ኮቴ የደበደበው ምድር ላዩ ይደድራል፤ የመጀመሪያው ከባድ ዝናም ሲወርድበት ጠብታው የላመውን አፈር እየመታ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ ውሃውም መስረጊያ አጥቶ ይንሸራተታል፣ በየቦዩ ይሰበሰባል፣ በደረቁ ወንዝ ይነጉዳል። በማግሥቱ ያንን ጓሮ በጣት የቆፈረ ሰው ከአንድ ጣት ጥልቀት በታች ትቢያ ያገኛል። ጎርፉ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት አትክልቱ በጥም የሚደርቀው ስለዚህ ነው። ስለሆነም ከረን ከመግባቱ በፊት በሐጋው ወራት ዶማ ይዞ ምድሩን መስበር፣ ፍግ ማግባት፣ ገጹንም በሣርና በገለባ ጉዝጓዝ ማልበስ ከመትከል የሚቀድም ሥራ ነው። ዮሴፍ በግብፅ ለሰባቱ የራብ ዓመታት እህል ያከማቸው በጎተራ ነበር፤ የአይሻ ነዋሪ ግን ለጂላል የሚያከማቸው ውሃ የመጀመሪያ ጎተራው ይኸው አፈር ነው።

በመደቡም አሠራር ቢሆን ከደጋው የተቀዳ ትምህርት እዚህ ጉዳት ያመጣል። በደጋ ውሃ እየቋጠረ ሥር ስለሚያበሰብስ መደቡ ከፍ ተደርጎ ይሠራል፤ በአይሻ ከፍ ያለ መደብ ነፋስ በአራት ጎኑ እየላሰው በአንድ ቀን ይደርቃል። የሚሻለው ከዙሪያው ምድር አንድ ስንዝር ያህል ጠልቆ የተቆፈረ፣ ጠርዙ በድንጋይ የተከበበ፣ በላይኛው ወገን የውሃ መግቢያ፣ በታችኛው ወገን ትርፉ የሚፈስበት በድንጋይ የተነጠፈ መውጫ ያለው መደብ ነው። መውጫውን ብዙዎች ይዘነጉታል፤ በደረቅ ዓመት ስለማያስፈልግ ትርፍ ሥራ ይመስላልና፤ ከባዱ ዝናም በመጣ ቀን ግን መውጫ የሌለው መደብ ዘሩንም ፍጉንም ይዞ ይሄዳል። በደረቁ ወንዝ ውስጥ እርጥበት አለ ተብሎ በአሸዋው ላይ አትክልት መትከልም እንዲሁ የአንድ ሌሊት ዕድሜ ያለው ሥራ ነው። ከዳርቻው ከፍ ብሎ ጎርፉን በድንጋይ ክትር ጠልፎ ከፊሉን ብቻ ወደ ማሳ መምራት ግን ጥንታዊ ጥበብ ነው፤ በባሕሩ ማዶ በየመን የማሪብ ሰዎች ከልደተ ክርስቶስ በፊት ጀምሮ ያደርጉት ነበር፣ በአገራችንም የራያ ገበሬ እስከ ዛሬ ያደርገዋል።

ስለ ጣሪያ ውሃ ደግሞ ስሌቱን ማስታወስ ይገባል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናም በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው፤ እንግዲያስ 40 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው የቆርቆሮ ክዳን ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናም ቢወርድ 800 ሊትር ይሆናል፤ በመርጨትና በመፍሰስ ሩቡ ቢጠፋ እንኳ 600 ሊትር፣ ማለት 30 ጀሪካን ይቀራል። ዳስና ጉዝጓዝ ያለው አራት ካሬ ሜትር መደብ በቀን አንድ ጀሪካን ቢበቃው፣ ያ አንድ ዝናም የአንድ ወር ውሃ ነው። አሸንዳና ክዳን ያለው በርሜል፣ አቅም ሲገኝም በክልሉ በየስፍራው የሚታየው ቢርካ የተባለው የውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ፣ ከረን ከመድረሱ በፊት ተጠርጎና ስንጥቁ ተደፍኖ ካልቆየ፣ ይህ ሁሉ ውሃ ከቤቱ ጥግ አፈር ሸርሽሮ ከማለፍ በቀር ለማንም አይጠቅምም።

ዝናም በሌለበት ወር ግን ውሃውን ተሸክመው የሚያመጡት ሴቶችና ልጃገረዶች መሆናቸውን ዕቅድ አውጪዎች ሁሉ በግንባራቸው ፊት ሊያኖሩት ይገባል። የሴትን ሸክም በአንድ ጀሪካን የሚጨምር የአትክልት ዕቅድ የቱንም ያህል ቢያምር አልደግፈውም። በዚህ አገር አትክልት መጠጣት ያለበት አንድ ጊዜ ሥራውን የሠራ ውሃ ነው። በየቤቱ በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ውዱእ ይደረጋል፤ አራት ጎልማሶች ባሉበት ቤት እያንዳንዱ ለአንድ ውዱእ አንድ ሊትር ብቻ ቢጠቀም 20 ሊትር ይሆናል፤ ሳሙና ያልነካው፣ ዕለት ዕለት በተወሰነ ሰዓት የሚፈስ ውሃ። ማንቆርቆሪያው በሚቀመጥበት ድንጋይ ሥር አንድ ክንድ የምታህል ቦይ ተቆፍራ፣ ጠጠር ተነጥፎባት፣ ጫፏ በሎሚ ወይም በፓፓያ ሥር ቢያልቅ፣ ያ ዛፍ በጂላልም ቢሆን ጠጪ ነው። በቦኖው ዙሪያና በከብት ማጠጫው ገንዳ ሥር ጭቃ ሆኖ የሚቀረውም ውሃ ለጥቂት ዛፎች ይበቃል፤ ቦኖውን የሠራው ክፍል ግን ውሃው የሚሄድበትን አንድ ሜትር ቦይ በንድፉ ውስጥ አያስገባውም።

ነፋሱን ያላነሣ የአይሻ ጽሑፍ ጎደሎ ነው። መንግሥት 120 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የነፋስ ኃይል ማመንጫ በዚያ ስፍራ ያቆመው ነፋሱ ብርቱና የማያቋርጥ በመሆኑ ነው፤ ያው ነፋስ ከቅጠልና ከአፈር እርጥበትን እየቀማ ሲሄድ ይውላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ተክል ነፋስን የሚሰብር አጥር ነው፤ ቁርቁራ፣ የግራር ዘር፣ ሽፈራው በሁለት ረድፍ ቢተከሉ ነፋሱን ያበርዱታል፤ ድፍን የጭቃ ግንብ ግን ነፋሱን ከላይ አሻግሮ ከበስተጀርባው ያወርደዋል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ ከዛሬ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በፊት በድሬዳዋ አካባቢ ለበረሃ መድኃኒት ይሆናል ተብሎ ገብቶ፣ ዛሬ በአፋርና በሲቲ የግጦሹን ምድር የወረሰ ጠላት ሆኗል። ድርቅን ይችላል የተባለ ሁሉ ወዳጅ አይደለምና፣ ከውጭ ለሚመጣ ዘር ከመቸኮል የአገሩ ሽማግሌዎች ጥላውንና ፍሬውን የመሰከሩለትን ቁርቁራ ማስቀደም ይበጃል።

በመደቡ መካከል አፉ ብቻ እየታየ የሚቀበር ያልተለበጠ ገንቦ ውሃውን በሸክላው ቀዳዳ ጥቂት በጥቂት ለሥሩ ያደርሳል፤ ይህን ዘዴ የቻይና የእርሻ መጽሐፍ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በነበረው ምዕት ዓመት ጽፎታል። ያኩባ ሳዋዶጎ የተባለው የቡርኪና ፋሶ ገበሬም በደረቁ ወራት ጉድጓድ እየቆፈረና ፍግ እየሞላ የተራቆተን ምድር ወደ ዱር መልሶ፣ በ2011 ዓ.ም. አማራጭ ኖቤል የሚሉትን ሽልማት ተቀበለ፤ ጎረቤቶቹ መጀመሪያ እንደ እብድ ያዩት የነበረው ዝናም ሳይመጣ በመቆፈሩ ነበር።

ስለ አየር ትንበያም የምለው አለ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከየወቅቱ በፊት ዝናሙ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን ይገልጻል፤ አድማጩ ግን «መደበኛ» ሲባል ዝናሙ በየሳምንቱ ተከፋፍሎ የሚወርድ ይመስለዋል። የወቅቱ ድምር መደበኛ ሆኖ በሦስት ቀን ወርዶ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ያለውን ዘር ሁሉ በመጀመሪያው ዝናም መዝራት አይገባም፤ ሲሶውን ዘርቶ፣ ሲሶውን ለሁለተኛው ዝናም አቆይቶ፣ የቀረውን ለሚመጣው ዓመት በአመድ ለውሶ ማኖር ይገባል። ዘር የሚያድለው መሥሪያ ቤትም እደላውን በአንድ ቀን ሥነ ሥርዓት ጨርሶ ከመሄድ ይልቅ በዚሁ ልክ ቢከፋፍለው መልካም ነው።

በሲቲ ምድር ሆድ ውስጥ ውሃ አለ። በ2009 ዓ.ም. ከአዲጋላ ከተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች የተነሣው ቧንቧ አሊ ሳቢህን አልፎ ጅቡቲ ከተማ ድረስ ንጹሕ ውሃ ማድረስ ጀምሯል፤ ለተጠማ ጎረቤት ማጠጣት የኢትዮጵያን ሕዝብ የሚያስከብር ትሩፋት ነውና በዚህ ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን ያን የሚያህል ሥራ የቻለች አገር በዚያው መንገድ ዳር ላሉት ከተሞች በየትምህርት ቤቱና በየጤና ጣቢያው አንዳንድ ጋን ውሃ የሚይዝ ጣሪያና በርሜል ማቆም አያቅታትም። ለዚህ የሚሆነው ወር ሰኔ ነው፤ የችግኙ ጉድጓድ በግንቦትና በሰኔ ይቆፈር፣ ችግኙ ራሱ በጅጅጋ ቀዝቃዛ አየር ሳይሆን በአይሻው ነፋስ ውስጥ በዳስ ሥር ይደግ፣ ከረን ሁለት ጊዜ በደንብ ከዘነበ በኋላም ይተከል። የክልሉ ግብርና ቢሮም የተተከለውን በነሐሴ ቆጥሮ ሪፖርት ማድረጉን ትቶ፣ ጂላል በከፋበት በየካቲት በየጓሮው እየዞረ በሕይወት ያለውን ይቁጠር፣ ለሚቀጥለውም ዓመት በጀት የሚመደብለት በዚያ ቁጥር ይሁን።