በዩኒቨርሲቲ ግቢ በአውቶሞቢል ውስጥ ስለሚቀመጥ የጦር መሣሪያ

ሰው መሣሪያ የሚይዘው ሕይወቱንና ቤቱን ለመጠበቅ ነው፤ ወደ ትምህርት ቤት የሚገባው ግን ዕውቀትን ለመቅሰም ነው። እነዚህ ሁለት ጉዳዮች በአንድ በር ሲገናኙ የትኛው ለየትኛው ይለቅ የሚለው ነገር በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ብዙ ሲያከራክር ኖሯል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉ እናሳስባለን።

በ1791 ዓ.ም. በዚያ አገር ሕገ መንግሥት ላይ የተጨመረው ሁለተኛው ማሻሻያ ሕዝቡ መሣሪያ የመያዝ መብቱ እንዳይነካ ይደነግጋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2008 ዓ.ም. መብቱ የእያንዳንዱ ሰው መሆኑን ሲፈርድ፥ በትምህርት ቤትና በመንግሥት መሥሪያ ቤት መሣሪያን የሚከለክሉ ሕጎች በዚህ ፍርድ እንደማይናወጡ አብሮ ገልጧል። አስቸጋሪው ግን አውቶሞቢል ነው፤ አውቶሞቢሉ የባለቤቱ ሲሆን የቆመበት መሬት የዩኒቨርሲቲው ነውና።

በኬንተኪ አንድ የመሣሪያ ፈቃድ ያለው የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ፥ ሽጉጥ በአውቶሞቢሉ ውስጥ በመገኘቱ በ2009 ዓ.ም. ከሥራው ተሰናበተ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2012 ዓ.ም. ስንብቱ ከሕግ ውጭ ነው ብሎ ፈረደለት። በፍሎሪዳም የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2013 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ይህን የመከልከል ሥልጣን እንደሌለው ወሰነ። በዚያው ዓመት የቴክሳስ ሕግ ፈቃድ ያላቸው ተማሪዎች መሣሪያቸውን በተቈለፈ አውቶሞቢል ውስጥ በግቢ እንዲያኖሩ ፈቀደ። በማሳቹሴትስ ደግሞ በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሣሪያ ታጥቆ መገኘት ወንጀል ነው። እንዲህ አንዱ ግዛት የፈቀደውን ሌላው ይከለክላል።

የፈቃጆቹ ምክንያት የሚናቅ አይደለም። በሌሊት ረዥምና ጭር ያለ መንገድ የምትጓዝ ተማሪ፥ ሽጉጧን ወደ ግቢው እንዳታስገባ ከተከለከለች፥ በመንገዱም ሁሉ እንደ ተከለከለች ያህል ነው፤ በደጅ የምታኖርበት ስፍራ የላትምና። የከልካዮቹም ፍርሃት መሠረት አለው። በ1966 ዓ.ም. በኦስቲን በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ በግንቡ ላይ ወጥቶ ብዙ ሰዎችን ገድሏል፤ በ2007 ዓ.ም. በቨርጂኒያ ቴክ 32 ሰዎች በአንድ ቀን ተገድለዋል። ከዚህም ሌላ አውቶሞቢል የብረት ሣጥን አይደለም፤ መስተዋቱ በድንጋይ ይሰበራል፥ ሌባም ሽጉጡን ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት መሣሪያ ከመማሪያ ስፍራ ርቆ ቢኖር ይሻላል። ሕግ ከፈቀደ ግን መብቱን የተሸከመ ጥበቃውንም ይሸከም፤ መብቱ የባለቤቱ ሆኖ አደጋው የጎረቤቱ እንዳይሆን ነው። ባለቤቱ አውቶሞቢሉን ይቈልፍ፥ መሣሪያውንም ከዓይን ይሰውር፥ ቁልፉን ለሌላ አይስጥ፥ ቢሰረቅበትም ያንኑ ቀን ለፖሊስ ያመልክት። ዩኒቨርሲቲውም ደንቡን ከግዛቱ ሕግ ጋር አስማምቶ ግልጥ በሆነ ቃል ይጻፍ፤ ለሚገባውም ተማሪና ለሚቀጠረው ሠራተኛ አስቀድሞ ያስታውቅ። የኬንተኪው ሰው እንጀራውን ያጣው ደንቡና ሕጉ ሳይስማሙ በመቅረታቸው ነውና።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ልጆቻቸውን በአሜሪካ የሚያስተምሩ ብዙዎች ናቸው። በዚያ አገር ማዕከላዊ ሕግ፥ በተማሪነት ቪዛ የገባ የውጭ አገር ሰው፥ እንደ አደን ፈቃድ ያለ በሕጉ የተለየ ምክንያት ከሌለው በቀር፥ መሣሪያ መያዝ አይፈቀድለትም። የአሜሪካዊው ጓደኛው ሽጉጥ በግቢው በሕግ ቢቀመጥ፥ ለእርሱ ግን ያው ነገር ወንጀል ሊሆንበት ይችላል። እንግዲህ ወላጆች ልጆቻቸውን ሲሸኙ ይህን ነገር ከምክራቸው ጋር ቢጨምሩት፥ ጉዳዩ የሚመለከታቸውም ሹማምንት ለሚሄዱት ተማሪዎች ቢያስረዱ፥ በዕውቀት ማነስ ከሚመጣ ጥፋት ብዙዎችን ያድናሉ ብለን እናምናለን።