ማንም የማይለማመጠው ድምፅ

«እዚህ ሰፈር መረጥክም አልመረጥክም ያው ሌበር ነው።» ፉትስክሬይ ውስጥ ቡና ይዘን ስለ ምርጫ ባወራን ቁጥር ይህን የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አውስትራሊያ ውስጥ ድምፅ መስጠት ግዴታ ነውና ቅጣቱን ፈርተን እንሄዳለን፣ ወረቀቱ ላይ ቁጥር እንሞላለን፣ በር ላይ ቋሊማ በዳቦ ገዝተን እየበላን እንመለሳለን። በቃ። እኔን ግን ኢንዳይ ትዝ ትለኛለች።

ኢንዳይ በቪክቶሪያ ሰሜን ምሥራቅ ያለች የገጠር የምርጫ ክልል ናት፤ ዋንጋራታ፣ ዎዶንጋና ቤናላ እዚያ ናቸው። በ1928 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ወንበሩን የያዘው የካንትሪ ፓርቲው ሮበርት ኩክ የዕጩነት ወረቀቱን በጊዜው ሳያስገባ ቀረና የሌበሩ ሰው ያለ ተፎካካሪ ገባ። አስቡት፣ ቅጽ እስኪያስረሳ ድረስ የሚመች ወንበር! ከ1931 በኋላ ደግሞ ወግ አጥባቂዎቹ ከ80 ዓመት በላይ አልለቀቁትም።

እንዲህ ያለውን ቦታ «አስተማማኝ ወንበር» ይሉታል። ለማን ነው የሚያስተማምነው? ለፓርቲው እንጂ ለነዋሪውማ አይደለም። አንዱ ፓርቲ እንደማያጣችሁ ያውቃል፣ ሌላው እንደማያገኛችሁ ያውቃል። ታዲያ የስልክ ኔትወርኩንና ባቡሩን ማን ያስታውስላችሁ?

ነገሩን የቀሰቀሱት ለትምህርትና ለሥራ ሜልበርን የገቡ የአካባቢው ልጆች ናቸው፤ የካቲ ማክጋዋን የእህትና የወንድም ልጆችም አሉበት። ሰዎች በየማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው «ምን ዓይነት ተወካይ እንፈልጋለን?» ብለው ተነጋገሩ። (ቡና እየጠጡ ማውራትማ ለእኛ ማን ያስተምረናል!) በ2013 ማክጋዋን በግል ተወዳድራ ሶፊ ሚራቤላን በ439 ድምፅ አሸነፈች። ያውም የሚራቤላ ወገኖች በመላ አገሪቱ አሸንፈው መንግሥት በመሠረቱበት ምርጫ።

በ2016 ሚራቤላ እንደገና ስትወዳደር፣ ያኔ ብመረጥ ኖሮ የዋንጋራታ ሆስፒታል 10 ሚሊዮን ዶላር ያገኝ ነበር ብላ በቴሌቪዥን ተናገረች። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሆስፒታሉ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም? ካስፈለገው ከማን አሸነፈ ጋር ምን አገናኘው? የኢንዳይ ሰዎችም ያው ተናደዱ መሰለኝ፣ እንደገና አሸነፏት። በ2019 ማክጋዋን ስትወጣ ወንበሩን የተረከበችው ነርስና አዋላጇ ሄለን ሄይንስም የግል ተወዳዳሪ ነበረች።

«አንድ የግል ተወካይ ፓርላማ ገብቶ ምን ያመጣል?» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ መንግሥት አይገለብጥም። ሄይንስ ግን በ2020 የፌዴራል ፀረ ሙስና ኮሚሽን እንዲቋቋም ረቂቅ ሕግ ይዛ ቀረበች። የእሷ ረቂቅ አልጸደቀም፤ ጥያቄው ግን አልሞተም፣ በ2022 ፓርላማው የኮሚሽኑን ሕግ አወጣ። ብቻዋን አላመጣችውም፤ ዝም ብላ ከኋላ የተቀመጠች የፓርቲ አባል ብትሆን ግን ረቂቁን ማን ያስነሳው ነበር?

ለፉትስክሬዩ ወዳጄ ይህን ሁሉ ከነገርኩት በኋላ የእኛ ተወካይ ስሙ ማን እንደሆነ ጠየቅሁት። ስልኩን አውጥቶ ጎግል ማድረግ ጀመረ።