«ካሜራህ ምንድን ነው?»

ነጭ የለበሰ ሕዝብ ካሜራን ያሳስታል። ጥር 21፣ ለአስተርእዮ ማርያም፣ በምሥራቅ ጎጃሟ መርጡለ ማርያም ነጠላና ጋቢ የለበሰው ምእመን ግቢውን ሲሞላው ካሜራው ብርሃን የበዛበት ይመስለውና ፎቶውን ያጨልመዋል። ብልሽት አይደለም፤ ሲሠራም እንዲሁ ነው። የብርሃን መለኪያው ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ እንዲያመጣ የተቃኘ ነውና ነጩ ነጠላ ግራጫ ይሆናል፤ ከነጠላው ሥር ያለው ጠይም ፊት ደግሞ ይጠፋል። ቤት ገብተን ስናየው «እማማ የት አሉ?» እንባባላለን። እማማ እዚያው ናቸው፣ ነጠላቸው ብቻ ነው የሚታየው።

መድኃኒቱ በርካሹም በውዱም ካሜራ ላይ አለ፤ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ነው። አንድ መደመር ፎቶው የሚያገኘውን ብርሃን እጥፍ ያደርገዋል። ሁለት ከደመሩ ፊቱ ይፈካል፣ የነጠላው ጥለት ግን ነጭ ሆኖ ይቀልጣል። እንግዲህ ስንት ይደመር? ይህን የሚወስነው አንሺው ነው፤ ፊቱ ይብለጥ ወይስ ጥለቱ ብሎ መምረጥ አለበት። አዳዲሶቹ ካሜራዎች ፊት ለይተው ብርሃን ይለካሉ፣ እውነት ነው። ግን ነጠላዋን ተከናንባ ግማሽ ፊቷን የሸፈነችውን ሴት ሁልጊዜ አያገኟትም።

ይህን ሁሉ የማነሣው ከሞጣ እስከ ቢቸና ባሉ ፎቶ ቤቶች የምሰማው ጨዋታ አንድ ዓይነት እየሆነ ስላስቸገረኝ ነው። «ፉል ፍሬም (ትልቅ የብርሃን መቀበያ ያለው ካሜራ) ቢኖረኝ!» «የእገሌ እኮ ሶኒ ነው!» ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም። ዕቁብ ጥለው የመጀመሪያ ካሜራቸውን የገዙ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ያኔ የካሜራ ዋጋ በዶላር ባይነቃነቅ እንኳ በብር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። የሠርግ ፎቶ ዋጋ እንዲህ አይዘልም። ስለዚህ ዛሬ ካሜራ ለመለወጥ የሚበደር ወጣት፣ ስንት ሠርግ ቢያነሳ ዕዳውን እንደሚከፍል ቁጭ ብሎ ያስላ።

ጥፋቱ የዕቃው የሆነበት ጊዜ እንዳለ አልክድም። ኮዳክ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ አንሥቶ የቀለም ፎቶ የሚታረምበትን ካርድ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልክ ነበር፤ በካርዱ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት። ቀለሙ ለእሷ ቆዳ ከተስማማ ተስተካከለ ይባላል። ጥቁር ፊት ምን እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። ነገሩን እንዲያሻሽሉ ከገፏቸው መካከል ቸኮሌታቸውና የእንጨት ዕቃቸው በፎቶ ላይ አልለይ ያላቸው ነጋዴዎች እንደነበሩ ተጽፏል። ለቸኮሌት የተደረገውን ያህል ለእኛ አልተደረገም ማለት ነው! ዛሬ ግን ያ ሰበብ በእጅጉ ጠብቧል።

ለዓይን ትምህርት ከተባለ መርጡለ ማርያም ደጃፋችን ላይ ናት። ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ፣ አበባና ሐረግ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች አሉት። ቅርጽ የሚታየው በጥላው ነው። ጧት ወደ ምሥራቅ የዞረውን ድንጋይ ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምትመታው ሐረጉ ይተኛል፤ ከጎን ስትዳብሰው ግን እያንዳንዱ ቅጠል የራሱን ጥላ ይጥልና ይነሣል። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች፤ ወደ ሰሜን የዞረ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ነው። በሰኔ ይገለበጥና ብርሃኑ ለሰሜኑ ይደርሰዋል፣ ያኔ ደግሞ ደመናው ይቀድማል። ይህን በየወሩ እየሄደ ያየ ልጅ፣ ሙሽራዋን ከመስኮቱ በየትኛው በኩል እንደሚያቆማት አይጠፋውም። የያዘው ስልክ ቢሆን እንኳ ይበቃዋል። (ቀድሞ ካህናቱን ማስፈቀድ ግን አይርሳ፤ ብዙዎቻችን ካሜራ ስንይዝ ሥርዓት የምንረሳ ሆነናል።)

ስለ ዓይን ካነሣን፣ ከአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በሥዕል የተመረቀው ማይክል ጸጋዬ የዘይት ቀለም አለርጂ ሲሆንበት ብሩሹን ትቶ ካሜራ አነሣ፤ ሥራዎቹ ዛሬ በውጭ አገር ኤግዚቢሽኖች ሁሉ ይታወቃሉ። ቀለሙን ቢተውም በሸራ ፊት ቆሞ ብርሃንን ያጠናበት ዓይኑ አብሮት ሄዷል ብዬ አምናለሁ።

የግድ ዕቃ ይገዛ ከተባለ አንድ እመክራለሁ። ማኅሌት በሌሊት ነው፣ ብርሃኑም ጧፍ ነው፤ ፍላሽ ካህናቱን ያውካል፣ የጧፉንም ቀለም ይገድላል። ከካሜራው ጋር የሚመጣው ሌንስ እዚያ ውስጥ አቅም ያጣል። ቀዳዳው እስከ 1.8 የሚከፈተው የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን ያኛው በ5.6 ከሚያስገባው ብርሃን ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ያስገባል፣ ከሌንሶችም ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ነው። ለአሮጌው ካሜራ ይህን መግዛት ለአዲሱ ከመበደር ይሻላል።

ሠርግ የደገሳችሁ ወገኖችም ፎቶ አንሺ ስትቀጥሩ «ካሜራህ ምንድን ነው?» ማለቱን ተዉት። ልጆቹን ወደ ብድር የሚነዳቸው አንዱ እሱ ጥያቄ ነው። ይልቅ ካነሳቸው ሠርጎች የአንዱን ሙሉ ፎቶ፣ ከጧቱ የሽማግሌ ምርቃት እስከ ማታው ጭፈራ፣ አምጣና አሳየን በሉት። ጨለማ ቤት ውስጥ ምን እንዳደረገ፣ ቀትር ላይ ሰዉን የት እንዳቆመ ታያላችሁ። መርጦ ያዘጋጃቸውን አሥር ፎቶዎች ብቻ አሳይቶ ሌላውን ካንገራገረ፣ ቀብድ ሳትከፍሉ ሌላ ፈልጉ።